ለግዙፍ ውሻ የሚበረክት መኝታ

ሀ. የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

ተማሪዎች! ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በአካባቢያችሁ ውሾች የሚያድሩት የት ነው? በብርድና በዝናብ ጊዜስ?
2. ውሻ የቤት ዕቃ የሚያበላሸው ለምን ይመስላችኋል?
3. አንድ ዕቃ «በረከተ» የሚባለው መቼ ነው?

ለ. ምንባብ

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ኪሊማኒ ከኬንያ ርእሰ ከተማ ከናይሮቢ መሀል በስተምዕራብ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በስዋሂሊ ቋንቋ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው። ሰፈሩ ቀድሞ ሰፋፊ የአትክልት ቦታ ባላቸው ቪላ ቤቶች የታወቀ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙዎቹ ቪላዎች እየፈረሱ በምትካቸው ረጃጅም ፎቆች ተሠርተዋል። በሰፈሩ ከሚኖሩት ልዩ ልዩ ሕዝቦች መካከል ኢትዮጵያውያን የሚገኙ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም አሉ። እንደ ሌሎቹ የናይሮቢ ሰፈሮች ሁሉ በኪሊማኒም ቤትንና ንብረትን ለማስጠበቅ ግዙፍ ውሾችን ማሳደግ የተለመደ ነው። የአትክልቱ ቦታ እየጠበበ በሄደ መጠን ግን ውሻው የሚሮጥበትም ሆነ የሚተኛበት ስፍራ አብሮ ጠቧል። ሣርና አፈር በነበረበት ቦታ ሲሚንቶና የሴራሚክ ንጣፍ ተተክቷል።

ናይሮቢ ለምድር ወገብ እጅግ ቅርብ ብትሆንም፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሐሩር የበዛባት ከተማ አይደለችም። በተለይ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ የሚደምንባቸው፣ ሌሊቱም የሚበርድባቸው ወራት ናቸው። በእነዚህ ወራት በባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚያድር እንስሳ የገላውን ሙቀት ወለሉ ይወስድበታል።

በኢትዮጵያ ገጠር ለውሻ መኝታ ማዘጋጀት እምብዛም የተለመደ አይደለም። የገበሬው ውሻ ሲበርደው ከምድጃው አጠገብ አመድ ላይ ይጠቀለላል፤ ሲሞቀው ከዛፍ ጥላ ሥር አፈር ጭሮ ይጋደማል፤ በመኸር ጊዜም ጭድ ላይ ያድራል። መኝታውን የሚመርጠው ራሱ ነው። በሲሚንቶ ግቢ ውስጥ የተዘጋበት ውሻ ግን ይህ ምርጫ የለውም። ስለዚህ አፈሩና ጭዱ ይሰጡት የነበረውን ምቾት ሰው ሊያዘጋጅለት ይገባል።

ችግሩ በግዙፍ ውሻ ላይ ይጠናል። የጀርመን እረኛ ውሻ የሚባለው ዝርያ ወንዱ ሙሉ ዕድገቱን ሲጨርስ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህን ያህል ክብደት ዘወትር በጠንካራ ወለል ላይ ሲያርፍ በክርንና በዳሌ ላይ ያለው ቆዳ ጠጉሩ ይረግፋል፤ ቆዳውም ይደድራል፤ አንዳንድ ጊዜም ክርኑ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል። ከዚህም ሌላ ይህ ዝርያ ለዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም የተጋለጠ ነው። ውሻ ከቀኑና ከሌሊቱ ሰዓቶች ግማሽ ያህሉን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ መሆኑ ሲታሰብ፣ መኝታ ለእርሱ የጤና ጉዳይ እንጂ ቅንጦት አለመሆኑ ግልጽ ይሆናል።

ይሁን እንጂ መኝታ መስጠት ብቻውን አይበቃም። ሙሉ ዕድገቱን የጨረሰ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት። ብርቱ መንጋጋ ያለው ውሻ የተሰጠውን ፍራሽ በአንድ ሌሊት ዘነጣጥሎ ሊያድር ይችላል። ባለቤቱም አዲስ ይገዛል፤ ያም ይቀደዳል። ገንዘቡ ያልቃል፤ ትዕግሥቱም አብሮ ያልቃል። በመጨረሻ የሚጎዳው ውሻው ነው፤ ወይ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፣ ወይም ከቤት ይባረራል።

ለዚህ ምሳሌ ይሆን ዘንድ፣ በኪሊማኒ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችን እንሳል። ቤተሰቡ ሁለት ዓመት የሞላው የጀርመን እረኛ ውሻ አለው። ቀን አባትና እናት ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ውሻው በጠባቡ ግቢ ውስጥ ብቻውን ይውላል።

አባት መጀመሪያ የገዛለት ባለዚፕ የጨርቅ ሽፋን ያለው ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ነበር። ፍራሹ ሳምንት አልቆየም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ሽፋኑ ተዘንጥሎ፣ ስፖንጁም በግቢው ሁሉ ተበታትኖ አገኙት። ቀጥሎ ከቶይ ገበያ አሮጌ ልብስና ብርድ ልብስ ተገዝቶ በጆንያ ተሞላና ተሰፋለት። ቶይ በንጎንግ መንገድ አቅራቢያ የሚገኝ፣ በልባሽ ልብስ ንግድ የታወቀ ገበያ ነው። ይህም መኝታ ዋጋው ቢረክስም ዕድሜው ከፊተኛው አልተሻለም። ጆንያው በተቀደደ ማግሥት ውሻው ምግብ እንቢ አለ፤ አስመለሰውም።

የእንስሳት ሐኪሙ ውሻውን መርምሮ ብጣሽ ጨርቅ መዋጡን አስረዳ። ጨርቁ በራሱ ጊዜ በመውጣቱ ውሻው ዳነ። ነገር ግን ሐኪሙ ለቤተሰቡ የሰጠው ማስጠንቀቂያ ሊረሳ የማይገባው ነበር። ውሻ የዋጠው ስፖንጅ፣ ጨርቅ ወይም ገመድ አንጀቱን ሊዘጋ ይችላል። በተለይ ረጅም ክር ወይም ሲባጎ አንጀትን ሰብስቦ እስከ መቅደድ ይደርሳል። ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ ምግብ የማይቀምስ፣ ዓይነ ምድር የማይወጣው ወይም ሆዱ የተነፋ ውሻ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ካልተወሰደ ሊሞት ይችላል።

አባት በዚህ ጊዜ ተስፋ ቆረጠ። «ከእንግዲህ በሲሚንቶው ላይ ይተኛ፤ ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰር። ይህም ካልሆነ ለሌላ ሰው እንስጠው» አለ።

«አባባ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ» አለች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነችው ልጁ። «መቼ እንደሚቀድና ከየት እንደሚጀምር እስካሁን ማናችንም አላየንም።»

እናትም፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲጠብቀን ለሚያድር እንስሳ አንድ ሳምንት አይበዛበትም» ብላ ደገፈቻት። አባትም ተስማማ።

ልጅቷ ደብተር አውጥታ በየዕለቱ አራት ነገር መዘገበች፤ እነርሱም ውሻው የተንሸራሸረበት ሰዓት፣ ብቻውን የዋለበት ጊዜ፣ የቀደደው ነገርና መቅደድ የጀመረበት ቦታ ናቸው። ለሙከራም አሮጌ ብርድ ልብስ ለአራት አጥፋ ዙሪያውን በመስፋት አነጠፈችለት። ጎረቤታቸው የሆነች አሮጊት ቀን ቀን በመስኮት እያዩ፣ ውሻው በየሰዓቱ የሚያደርገውን ማታ ማታ ይነግሯት ነበር። አንድ ቁራጭ እንኳ ቢቀደድ ፈጥነው እንዲያነሡም የግቢውን ቁልፍ ሰጥታቸዋለች።

በሳምንቱ መጨረሻ መዝገቡ ሁለት ነገር ገለጠ። አንደኛ፣ ከሰባቱ ቀኖች ውሻው የቀደደው በአራቱ ነበር፤ አራቱም ጠዋት ሳይንሸራሸር ብቻውን የዋለባቸው ቀኖች ናቸው። ወንድሟ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ባንሸራሸረባቸው ቀኖች ግን ተኝቶ ዋለ። ሁለተኛ፣ ውሻው የብርድ ልብሱን መሀል ነክሶ አያውቅም። ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጠርዙ፣ ይኸውም ስፌት ካለበት ወይም ጥርስ ከሚይዘው እጥፋት ነበር። ፍራሹም የተቀደደው ከዚፑ፣ ጆንያውም ከተሰፋው አፉ እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላቸው።

ይህ ግኝት የነገሩን መልክ ለወጠው። እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ይጠይቅ የነበረው «የማይቀደድ ጨርቅ የት ይገኛል?» እያለ ነበር። ብርቱ ጥርስ ጊዜ ካገኘ የማይቀደው ጨርቅ ግን የለም። ትክክለኛዎቹ ጥያቄዎች «ውሻው የሚቀደው ለምንድን ነው?» እና «ጥርሱ መያዣ የማያገኝበት መኝታ እንዴት ይሠራል?» የሚሉት ናቸው።

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንደየውሻው ይለያያል። ከአራት እስከ ሰባት ወር ዕድሜ ያለው ቡችላ የወተት ጥርሱን በሚለውጥበት ጊዜ ድዱን ስለሚበላው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ጉልበቱን የሚያወጣበት ሥራና እንቅስቃሴ ያጣ ውሻ በመሰልቸት ይቀዳል። ብቻውን ሲቀር የሚጨነቅ ውሻ ደግሞ ከመቅደዱም ሌላ ያላዝናል፤ በሩን ይቧጭራል፤ በቤት ውስጥም ይሸናል። ለቡችላ የሚታኘክ ነገር መስጠትና ጊዜውን መጠበቅ ይበቃል። ለተሰላቸው እንቅስቃሴ መድኃኒቱ ነው። የሚጨነቀውን ውሻ ግን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ለብቻው በመተው ጀምሮ፣ ጊዜውን ቀስ በቀስ በማራዘም ማልመድ ያስፈልጋል፤ ይህን ዓይነቱን ውሻ መኝታ መለዋወጥ ብቻ አያድነውም።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ የመጣው ከእናት ትዝታ ነበር። እናት ያደገችው በጎንደር ገጠር ነው። በአባቷ ቤት የእንጨት አራት ማዕዘን በአራት እግር ላይ ቆሞ፣ በላዩ እርጥብ ጠፍር ወዲህና ወዲያ ተጠላልፎ የተወጠረበት አልጋ ነበር። ጠፍሩ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይጠብቃል። የሰው ክብደት ሲያርፍበት ትንሽ ይረግባል እንጂ መሬት አይነካም። ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ የመሬት ብርድና እርጥበት ወደ ተኚው አይደርሱም። «ፍራሽ ሳይኖር የሚመች መኝታ እርሱ አይደለምን?» አለች።

ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ይሁን እንጂ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ጠፍር የበሬ ቆዳ በመሆኑ ለውሻ እንደ ምግብ ነው፤ የእንጨቱንም ማዕዘን ውሻ ያኝከዋል። ኬንያ በብዛት የምታመርተው የቃጫ ገመድም ሲታኘክ ክር ክር ስለሚሆን ለአንጀት አደገኛ ነው። ስለዚህ የአልጋው ሥርዓት ተጠብቆ ዕቃው መለወጥ ነበረበት።

በንጎንግ መንገድ ዳርና ዳር እንጨት ሠሪዎችና በያጆች በአደባባይ ሲሠሩ ይታያሉ። ኬንያውያን እንዲህ ያሉትን የእጅ ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም «ጠራራ ፀሐይ» ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ጣሪያ በፀሐይ ላይ ስለሚሠሩ የወጣ ስም ነው። አባትና ልጅ ወደ አንድ በያጅ ከመሄዳቸው በፊት ውሻውን በጎኑ ተዘርግቶ በተኛበት ለኩት። ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር አንድ ሜትር ያህል ሆነ። በዚህ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ጨምረው የአልጋውን ርዝመት 120፣ ወርዱን 90፣ ከፍታውን 18 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ወሰኑ።

በያጁ ከብረት ቱቦላሬ አራት ማዕዘን ሠርቶ አራት እግር በየደበት፤ የብየዳውንም ሸካራ በሞረድ አለሰለሰ። ለመኝታው የተመረጠው የጭነት መኪና የሚሸፈንበት ወፍራም ሸራ ነው። ሸራው በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ጠርዙ ወደ ታች ታጠፈ፤ ከሥር በኩልም በቀጭን ብረት ተጨቁኖ በቡሎንና በዳዶ ታሰረ። እንዲህ በመደረጉ ከላይ የሚታይ ስፌት፣ ዚፕ ወይም እጥፋት አልቀረም፤ ሸራውም ጥብቅ ሆኖ ስለተወጠረ ጥርስ የሚቆነጥረው ነገር አጣ። የሸራው ሙላት ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ሳይሆን አየር ስለሆነ፣ ተበታትኖ የሚዋጥ ነገርም የለውም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሸራው ከጊዜ ብዛት ቢሳሳ ወይም ቢቀደድ ቡሎኑ ተፈትቶ ሸራው ብቻ ይለወጣል፤ ብረቱ ዓመታት ይኖራል። የሚበረክት ዕቃ ማለት ፈጽሞ የማይበላሽ ማለት አይደለም፤ ሲበላሽ ሊጠገን የሚችል ማለትም ነው።

አልጋው ከተሠራ በኋላ ቤተሰቡ ለውሻው ጥሎለት አልሄደም። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች አልጋው የሚወጣው ሰው ባለበት ጊዜ ብቻ ነበር። ውሻው ሲወጣበት ይመሰገናል፤ ተረጋግቶ ሲተኛም ቁራሽ ምግብ ይሰጠዋል። መንከስ ሲጀምር አይመታም፤ ይልቁንም እንዲያኝከው የተፈቀደለት ጠንካራ የጎማ መጫወቻ ይቀርብለታል። የተቀቀለ አጥንት ግን ሲሰበር እየሾለ ጉሮሮና አንጀት ስለሚወጋ አይሰጠውም። ወንድምና እኅትም በየተራ ማለዳ ተነሥተው ውሻውን ማንሸራሸር የዕለት ሥራቸው አደረጉት። በሐምሌ ብርድ ደግሞ፣ ሰው ቤት በሚያድርበት ሌሊት ብቻ፣ በሸራው ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፍለትና ጠዋት ይነሣል።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ችግር በብዙ ቤቶች የሚታይ ነው። በናይሮቢ ባለቤቶቻቸው የጣሏቸውን ውሾች የሚቀበል የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር የተባለ ድርጅት አለ። የሚጣሉ ውሾች ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሥራ ባላስፈለገ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ሁሉ፣ ምክንያቱ ሳይመረመር በችኮላ የተገዛ መኝታ በችኮላ ይቀደዳል። የውሻው ባሕርይ ከታወቀ በኋላ የተሠራ መኝታ ግን ለውሻው ዕረፍት፣ ለባለቤቱም ሰላም ይሰጣል።

ሐ. የቃላት ፍቺ

በረከተ — ሳይበላሽ ወይም ሳያልቅ ብዙ ጊዜ ቆየ
ደደረ — ጠነከረ፣ ለስላሳነቱን አጣ
ዘነጠለ — ይዞ በኃይል ቀደደ
ወጠረ — ስቦ አጥብቆ ዘረጋ
ረገበ — ጥብቀቱ ላላ
ጠፍር — ከከብት ቆዳ በቀጭኑ የተቆረጠ ማሰሪያ
ቱቦላሬ — ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ዘንግ
በያጅ — ብረትን ከብረት በእሳት የሚያጣብቅ ባለሙያ

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. በኢትዮጵያ ገጠር የሚኖር ውሻና በኪሊማኒ ግቢ ውስጥ የሚኖር ውሻ በመኝታ ምርጫ በምን ይለያያሉ?
2. ጠንካራ ወለል በግዙፍ ውሻ አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ዘርዝሩ።
3. ውሻ ጨርቅ መዋጡን የሚያመለክቱት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?
4. የልጅቷ መዝገብ የገለጣቸው ሁለት ነገሮች ምንድን ናቸው? እያንዳንዱስ ለመፍትሔው ምን አስተዋጽኦ አደረገ?
5. የጠፍር አልጋ አሠራር ተወስዶ ጠፍሩ ራሱ ያልተወሰደው ለምንድን ነው?
6. አባት ሊወስደው የነበረው ውሳኔ ቢፈጸም ኖሮ የውሻው ችግር ይወገድ ነበርን? አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፉ።

ሠ. ሰዋስው

«ቀደደ» የሚለው ግሥ ድርጊቱን ባለቤቱ ራሱ መፈጸሙን ያመለክታል፤ «ተቀደደ» ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ መፈጸሙን፣ «አስቀደደ» ደግሞ ባለቤቱ ድርጊቱን በሌላ ማስፈጸሙን ያመለክታሉ።

ምሳሌ፦ ውሻው ሸራውን ቀደደ። ሸራው ተቀደደ። ልጁ ሸራውን በውሻ አስቀደደ።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ግሦች በሦስቱም ዓይነት ለውጣችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

1. ለካ 2. ወጠረ 3. ሠራ 4. ፈታ 5. አሰረ

ረ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ ቶሎ ቶሎ የሚበላሽ አንድ ዕቃ ምረጡ። ለአንድ ሳምንት ያህል መቼ፣ ከየት በኩልና በምን ምክንያት እንደሚበላሽ በደብተራችሁ መዝግቡ። ከዚያም ያገኛችሁትን ምክንያትና የምታቀርቡትን መፍትሔ በሦስት አንቀጽ ጽፋችሁ ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ።